የሚጫነው ጨመረ፣ የሚያቆመው ግን ያው ነው፦ የጎጃም ትንንሽ የጭነት መኪኖች አያያዝና ማሻሻያ

በጎጃም ትንሽ የጭነት መኪና መግዛት ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ተራ የንግድ ውሳኔ መሆኑ ቀርቶ የአንድ ቤተሰብ ጥሪት በሙሉ የሚታሰርበት ጉዳይ ሆኗል። ዕቁብ የደረሰው ነጋዴ፣ የከተማ ቦታውን የሸጠ ጡረተኛ፣ ገንዘብ ያዋጡ ወንድማማቾች የሚገዙት መኪና ብዙውን ጊዜ ከአንድ በላይ እጅ ያለፈ አሮጌ መኪና ነው፤ የሚከፍሉበት ዋጋ ግን የአሮጌ መኪና አይደለም። ምክንያቱ ይታወቃል። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ እንደ ዕድሜያቸው የሚከብድ ታክስ ጣለ፤ በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ 57 ብር አካባቢ ይመነዘር የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። እነዚህ ተደማምረው አገር ውስጥ ያለውን አሮጌ መኪና ዋጋ ሰቀሉት፣ መለዋወጫውንም አብረው አስወደዱት።

ባለ መኪናው ለዚህ ውድነት የሚሰጠው መልስ ያለውን መኪና አብዝቶ ማሠራት ነው። ባሌስትራ (ክብደቱን የሚሸከሙት ተደራራቢ የብረት ቅጠሎች) ይጨመራል፣ ወንበር ይነቀላል፣ ጣሪያው ላይ ፖርቶ ባጋሌ (የዕቃ መጫኛ) ይበየዳል፣ መስኮት በላሜራ ይደፈናል። መኪናን ለሥራው ማመቻቸት በራሱ የሚነቀፍ ነገር አይደለም፤ የአይሱዙን ሻንሲ (የሥር የብረት አጽም) ቅጥቅጥ አውቶቡስ አድርጎ ሕዝብ ሲያጓጉዝ የኖረ አገር ነው፣ የብየዳና የላሜራ ባለሙያዎቻችንም እጃቸው የተፈተነ ነው። የእኔ ክርክር ሌላ ነው። በአካባቢያችን የሚሠራው ማሻሻያ ከሞላ ጎደል ሁሉም መኪናው እንዲሸከም የሚደረግ ነው፤ እንዲቆም የሚደረገው እጅግ ጥቂት ነው። ይህ አለመመጣጠን የሰው ሕይወት ከማስከፈሉም በላይ ባለ መኪናው በተጨማሪው ጭነት አተርፋለሁ ብሎ ያሰበውን ገንዘብ መልሶ ይበላዋል።

ስፋቱና ልኩ

በአካባቢያችን ትንሽ የጭነት መኪና ሲባል የሚታሰቡት አባዱላና ዶልፊን እየተባሉ የሚጠሩት የቶዮታ ሃይኤስ ዓይነቶች፣ ታውንኤስ፣ የሱዙኪ ትንንሽ ቫኖችና ዳማስ ናቸው። ቅርጻቸው ስለሚመሳሰል ዐቅማቸውም የተቀራረበ ይመስላል፤ ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው። ለጃፓን ገበያ የተሠሩት ባለ 660 ሲሲ ሱዙኪዎች የተፈቀደላቸው ጭነት 350 ኪሎ ግራም፣ ማለትም ሦስት ኩንታል ተኩል ብቻ ነው። ባለ 796 ሲሲው ዳማስ አምስት ኩንታል ገደማ፣ ታውንኤስ ሰባት ኩንታል ተኩል ገደማ ይጭናሉ፤ ሃይኤስ ቫን እንደ ሞዴሉ ከ10 እስከ 12 ኩንታል ይፈቀድለታል። ትክክለኛው ልክ ሊብሬው ላይና በመኪናው በር አካባቢ በተለጠፈው ጽሑፍ ላይ ይገኛል። ከመግዛቱ በፊት ሁለቱን አነጻጽሮ የሚያየው ገዢ ግን ብዙ አይደለም።

ችግሩ የሚጀምረው የጭነት ክፍሉ ስፋት ዓይንን ስለሚያታልል ነው። ረጅሙ ሃይኤስ ቫን 6 ሜትር ኪዩብ አካባቢ የጭነት ቦታ አለው። ከአዊ የሚወጣውን ከሰል ቢጭን ክፍሉ እስከ ጣሪያው ሞልቶ ክብደቱ ከልኩ ላይደርስ ይችላል። ያንኑ ቦታ በምሥራቅ ጎጃም ጤፍ እንሙላው ቢባል ግን ክብደቱ ከ4 ቶን ያልፋል፤ ስለዚህ ጤፍ የጫነ ሃይኤስ ወለሉ ብቻ በአንድ ረድፍ ከረጢት ሲሸፈን ልኩን ጨርሷል ማለት ነው። ከእንጅባራ ዙሪያ የሚመጣው ድንች፣ ከቆጋ መስኖ የሚወጣው ሽንኩርት፣ ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም የሚጫነው በቆሎም እንደዚሁ ናቸው። ቡሬ በስሟ የምትታወቅበት በርበሬ ግን ወደ ከሰሉ ያዘነብላል። ባዶ ቦታ እያየ “ገና ነው፣ ጨምር” የሚለው ጫኝ የሚለካው በዓይኑ ነው፤ ጎማዎቹን የሚያገናኘው ዘንግ፣ አክሰሉ፣ ግን የሚለካው በኪሎ ነው።

ባሌስትራው ከተጨመረ በኋላ

ልኩ ሲያልፍ መኪናው ከኋላው ይቀመጣል፣ ጎማው ፓራፋንጎውን ይነካል፣ መብራቱም ወደ ላይ ያያል። ያኔ የተለመደው መፍትሔ ባሌስትራ መጨመር ነው፤ አንድ ወይም ሁለት ቅጠል ከሌላ መኪና ባሌስትራ ተመርጦ ይገባና መኪናው ቀጥ ይላል። ቀጥ ማለቱ ግን የመሸከም ፈቃዱ ጨመረ ማለት አይደለም። አክሰሉ፣ ጎማው የሚዞርበት ኩሽኔታ፣ ጎማው፣ ቸርኬው፣ የፍሬን ሸራውና ሸራው የሚይዘው ታምቡር ሁሉም እንደነበሩ ናቸው፤ የተለወጠው ቢኖር መኪናው “በዝቶብኛል” ብሎ የሚናገርበት ምልክት መጥፋቱ ነው። በኩሽኔታ ሥራ የታወቀ ስሌት አለ፦ የሚሸከመው ክብደት በሩብ ሲጨምር የኩሽኔታው ዕድሜ ወደ ግማሽ ይወርዳል። በየጊዜው የኋላ ኩሽኔታ የሚቀይር ባለ መኪና የመለዋወጫውን ጥራት ከመውቀሱ በፊት የሚጭነውን ኩንታል ቢቆጥር መልሱን እዚያው ያገኘዋል።

ከዚህ የሚከፋው ከባሌስትራው ጋር የሚበላሸው የፍሬን ሥርዓት ነው። በሃይኤስና በብዙ የጃፓን ፒክአፖች ከኋላ አክሰል አጠገብ፣ ሻንሲው ላይ የታሰረ አንድ ትንሽ ቫልቭ አለ፤ ከአክሰሉ ጋር የሚያገናኘው ቀጭን ዘንግም አለው። ጭነት ሲገባ ሻንሲው ወደ አክሰሉ ይወርዳል፣ ዘንጉ ቫልቩን ይገፋዋል፣ ወደ ኋላ ጎማዎች የሚሄደው የፍሬን ግፊትም ያድጋል። መኪናው ባዶ ሲሆን ተቃራኒው ይሆናል፤ ምክንያቱም ክብደት የሌለበት የኋላ ጎማ በኃይል ከተያዘ መዞሩን አቁሞ ስለሚንሸራተት መኪናው ይዞራል። እንግዲህ ይህ ቫልቭ ሚዛን የለውም፤ የሚያውቀው በሻንሲውና በአክሰሉ መካከል ያለውን ርቀት ብቻ ነው። ባሌስትራ የተጨመረበት መኪና 15 ኩንታል ጭኖም ከፍ ብሎ ስለሚቆም ቫልቩ መኪናውን ባዶ ነው ብሎ ይቆጥረዋል፣ ለኋላ ጎማዎችም የባዶ መኪና ግፊት ይልካል። አብዛኛው የማቆም ሥራ ወደ ፊት ፍሬን ይጫናል፤ እሱም ይግላል፣ ሸራው በአጭር ጊዜ ያልቃል፣ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ይከዳል።

በደብረ ማርቆስ በአንድ ጋራዥ ጉድጓድ ውስጥ ሆኜ ከሥር ያየሁት ሃይኤስ ይህንኑ ያሳያል። ሦስት ቅጠል የተጨመረለት ባሌስትራ አዲስ ቀለም ተቀብቶ ያብረቀርቃል፤ ከጎኑ ያለው የቫልቩ ዘንግ ግን ከአክሰሉ ተፈትቶ፣ እንዳይንቀጫቀጭ ተብሎ በማሰሪያ ሽቦ ወደ ታች ተጠፍሯል። ሽቦው ዝጎ ከዘንጉ ጋር ተጣብቋል፤ ማለትም ያ መኪና ለረጅም ጊዜ ሲሠራ የቆየው የኋላ ፍሬኑ በግማሽ ዐቅሙ እየያዘ ነው። ሾፌሩ ስለዚህ የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ የሚያውቀው የፊት ሸራ ቶሎ ቶሎ እንደሚያልቅበት ብቻ ነው። ዘንጉን መልሶ ማሰርና ርዝመቱን ከአዲሱ የባሌስትራ ከፍታ ጋር ማስተካከል ባሌስትራውን ከማስጨመር ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ወጪ ነው። ስለዚህ ባሌስትራ የሚነካ ማንኛውም ሰው ሥራው ያለቀው ቫልቩ ሲስተካከል እንጂ ብሎኑ ሲጠብቅ እንዳልሆነ መያዝ አለበት።

የዓባይ በረሃ ሒሳብ

ይህ ጉዳይ ሜዳ በሆነ አገር ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ባላሳሰበ ነበር። ጎጃም ግን ዓባይ ከሦስት ወገን የከበበው ምድር ነው፤ ወደ አዲስ አበባም ሆነ በቡሬ በኩል ወደ ነቀምቴ የሚወጣ ጭነት ሸለቆውን መውረድና መውጣት ግድ ይለዋል። በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከአንዱ አፋፍ እስከ ድልድዩ ያለው ቁልቁለት ከ1,300 ሜትር ያላነሰ የከፍታ ልዩነት አለው። አስፋልቱም በመሬት መንሸራተት በየጊዜው ስለሚሰነጠቅና ስለሚወጣጣ ሾፌሩ ሳያስበው ድንገት ፍሬን ለመያዝ ይገደዳል።

ቁልቁለቱ ፍሬን ላይ የሚጥለውን ሸክም በቁጥር ማየት ይቻላል። ከነጭነቱ 2 ቶን የሚመዝን መኪና 1,300 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 25 ሜጋ ጁል ገደማ ነው፤ ይህም ከ75 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። የሞተሩ ግታትና አየሩ ከዚህ የተወሰነውን ይወስዳሉ፤ ሾፌሩ ማርሹን አቅልሎ ወይም ዜሮ አድርጎ ከወረደ ግን አብዛኛው ሙቀት የሚያርፈው በአራት ጎማዎች ውስጥ ባሉ ጥቂት ኪሎ ብረቶች ላይ ነው። ከልክ በላይ የተጨመረ እያንዳንዱ አምስት ኩንታል በዚህ ላይ 6 ሜጋ ጁል ይጨምራል። ነዳጅ ለመቆጠብ በዜሮ መውረድ በተለይ የሚጎዳው ለዚህ ነው፤ በዘመናዊ ኢንጀክሽን ሞተር ላይማ ቁጠባውም የለም፤ ማርሽ ውስጥ ሆኖ ነዳጅ ሳይረገጥ ሲወረድ ሞተሩ ነዳጁን ራሱ ይዘጋዋል።

ሙቀቱ ወደ ፍሬን ዘይቱ ሲደርስ ሁለተኛው አደጋ ይመጣል። የፍሬን ዘይት እርጥበት ከአየር የመሳብ ጠባይ አለው። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሳይፈላ እንዲቆይ ይጠበቅበታል፤ እርጥበት ከሳበ በኋላ ግን ይህ መለኪያ ወደ 140 ዲግሪ ይወርዳል። ዶት 4 በአንጻሩ 230 እና 155 ዲግሪ ነው። ዘይቱ ሲፈላ በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ ይታመቃል፣ ፔዳሉም ያለ ምንም መቋቋም ወለሉ ድረስ ይወርዳል። በየክረምቱ ዝናብ የሚበረታበት እንደ እንጅባራና ዳንግላ ባለ አካባቢ የሚሠራ መኪና የፍሬን ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ መቀየር ይገባዋል። ከፍሬን ጥገና ሁሉ ርካሹ ይህ ሆኖ ሳለ ከሁሉም በላይ የሚዘነጋውም ይኸው ነው። “ጎድሏል” ተብሎ ይሞላል እንጂ አርጅቷል ተብሎ አይደፋም።

ገንዘብ ኖሮት መኪናውን ማሻሻል የሚፈልግ ሰው እንግዲህ የመጀመሪያውን ብር የት ያውል ቢባል መልሴ ግልጽ ነው፦ ፍሬን ላይ። ዕድሜውን የጨረሰ ታምቡር በተደጋጋሚ ከማስሞረድ መቀየር፣ ውስጡ ያበጠ የጎማ ቱቦ መለወጥ፣ ጥራቱ የታወቀ ሸራ መግዛት፣ የእጅ ፍሬኑን በዳገት ላይ ከነጭነቱ መፈተን። እነዚህ ከውጭ የማይታዩ፣ መኪናውንም ለደላላ ዓይን የማያሳምሩ ሥራዎች ናቸው።

ጎማ

ስለ ጎማ የሚነገረው ብዙ ነው፤ ለጭነት መኪና ግን ሁለት ቁጥሮችን ማንበብ አብዛኛውን ነገር ይጨርሳል። በጎማው ጎን ላይ ከስፋቱ ቀጥሎ የሚጻፈው የጭነት ልክ ቁጥር 88 ከሆነ ጎማው የሚችለው 560 ኪሎ ግራም ነው፤ 106 ከሆነ ግን 950 ኪሎ ግራም ይችላል። የመጀመሪያው የቤት መኪና ጎማ፣ ሁለተኛው የጭነት ቫን ጎማ ነው። መጠናቸው ተቀራርቦ ሁለቱም በአንድ ቸርኬ ላይ ሲገቡ ይታያል፤ ዋጋው ቀለል ስላለ የቤት መኪናውን ጎማ ሃይኤስ ላይ የሚያስገጥም አለ። እንዲህ ያለው ጎማ በዓባይ በረሃ ቀትር ሙቀት ሲፈነዳ አደጋውን የሚያደርሰው በአንድ መኪና ላይ ብቻ አይደለም። ሁለተኛው ቁጥር ባለ አራት አኃዝ የምርት ጊዜ ነው፤ 2318 ማለት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2018 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው። ጥርሱ ያላለቀ ግን ከአሥር ዓመት በፊት የተሠራ ጎማ አዲስ አይባልም። ነፋሱም ቢሆን ጎማው ገና ሳይሞቅ በማለዳ መለካት አለበት፤ ሲሞቅ የሚያሳየው ግፊት ከእውነተኛው ከፍ ያለ ነውና።

ሞተር በደጋ አገር

ባሕር ዳር 1,800 ሜትር፣ ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ቱርቦ (አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ስለሚያጣ ደብረ ማርቆስ ላይ የሚሠራ አሮጌ ናፍጣ ሃይኤስ ፋብሪካው ከጻፈለት ጉልበት ሩቡ ገደማ የለውም። ይህን የተፈጥሮ ድካም እንደ ብልሽት ቆጥረው የናፍጣ ፖምፓውን የሚያስከፍቱ ባለ መኪኖች አሉ። በጎደለ አየር ላይ ነዳጅ መጨመር ግን ጥቁር ጭስ፣ የበዛ የነዳጅ ወጪና የጋለ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) እንጂ ጉልበት አያመጣም። ይልቅስ በአቧራ የታፈነ የአየር ፊልትሮ ያለውን ትንሽ አየር ስለሚቀንስ በበጋ በጥርጊያ መንገድ የሚሠራ መኪና ፊልትሮውን ቶሎ ቶሎ መመልከት አለበት።

ከፍታ ውሃንም ይነካል። ደብረ ማርቆስ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሞተር ሲሠራ የሚጠብቀው ሙቀትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ራዲያተሩ እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው። ላስቲኩ ያረጀ ክዳን ያለው መኪና የጎሐ ጽዮንን ዳገት ሲወጣ ይፈላል፤ ሾፌሩ ውሃ ይጨምራል፣ ቀጥሎ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያው) ይቃጠላል፣ ቴስታታው ይጣመማል። የአንድ ክዳን ዋጋ ሞተር እስከ ማስወረድ የሚያደርስበት መንገድ ይህን ያህል አጭር ነው።

አሁን ካለንበት ሁኔታ ጋር በቀጥታ የሚያያዘው ግን የነዳጅ ጥራት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በቀጠለው ግጭት መንገድ በየጊዜው ስለሚዘጋ ማደያዎች ባዶ የሚሆኑበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ያኔ ነዳጅ በጀሪካንና በሃይላንድ ይሸጣል። በዚህ መንገድ የሚገዛ ናፍጣ ውሃና ቆሻሻ ሊኖርበት ይችላል፤ ለአሮጌዎቹ የቶዮታ 3ኤል እና 5ኤል ናፍጣ ሞተሮች ይህ ጉዳት ቢሆንም ይታገሡታል። ዲ ፎር ዲ ለሚባለው አዲሱ የቶዮታ ናፍጣ ሞተር ግን የኢንጀክተሮቹ (የነዳጅ መርጫዎቹ) ክፍተት እጅግ ጥቃቅን በመሆኑ ጥቂት ውሃ ብቻውን ኢንጀክተሮቹን ለማበላሸት ይበቃል፤ የእነሱ ዋጋ ደግሞ የብዙ ወር ገቢ ነው። ስለዚህ ከማደያ ውጭ ለመቅዳት የተገደደ ሰው ነዳጁን አሳድሮ፣ ውሃው ከሥር ሲዘቅጥ ከላይ ያለውን በጥሩ ጨርቅ አጣርቶ ቢያስገባ፣ ከናፍጣ ፊልትሮው ሥር ያለውን የውሃ ማፍሰሻም በየሳምንቱ ቢከፍት ከብዙ ኪሳራ ይድናል። ዳሽቦርድ ላይ የፊልትሮ ምልክት ያለበት መብራት ከበራ መንገዱን መቀጠል አይገባም።

አሮጌ መኪና የገዛ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ማድረግ ያለበት አንድ ነገር አለ፤ እሱም የታይሚንግ ችንጋውን (የቫልቮቹንና የፒስተኖቹን እንቅስቃሴ የሚያስማማውን ቀበቶ) መቀየር ነው። በቶዮታ የኤል ተከታታይ ናፍጣ ሞተሮች ይህ ችንጋ በ100,000 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚለወጥ ሲሆን፣ ከተበጠሰ ቫልቮቹ ከፒስተኖቹ ጋር ይጋጫሉ። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ቁጥር ወደ ኋላ ሊመለስ ስለሚችል የሻጩን ቃል ይዞ መቆየት አያዋጣም። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ መኪና ሲሆን ደግሞ የመሪው ዘንግና መጋጠሚያዎቹ ብየዳ እንዳረፈባቸው አስወርዶ ማየት ያስፈልጋል፤ መሪ ላይ ያረፈ ብየዳ ካለ መኪናውን ትቶ መሄድ ይሻላል።

የሚጠቅም ማሻሻያ

ለጭነት ሥራ በእርግጥ የሚረባው ማሻሻያ ርካሽና ቀላል ነው። የመጀመሪያው በሾፌሩና በጭነቱ መካከል የሚቆም ጠንካራ የብረት መለያ ነው። ወንበሩ ተነቅሎ ወደ ጭነት የተዛወረ ሚኒባስ ይህ መለያ ስለሌለው ድንገት ፍሬን ሲያዝ የጤፍ ከረጢቱ ወደ ፊት ተወርውሮ የሚያርፈው በሾፌሩና በረዳቱ ጀርባ ላይ ነው። መለያው ግን ከሻንሲው ወይም ከዋና ዋናዎቹ የቦዲ ምሰሶዎች ጋር በብሎን መታሰር አለበት፤ በላሜራ ላይ ብቻ የተበየደ መለያ በሚፈለግበት ሰዓት ከነላሜራው ይነቀላል። ሁለተኛው ወለሉ ላይ የሚገጠሙ የማሰሪያ ቀለበቶች ናቸው። ሦስተኛው ወለሉን ከዝገት መጠበቅ ነው፤ ድንችና ሽንኩርት የሚያንጠባጥቡት እርጥበት በምንጣፉ ሥር ተጠራቅሞ ወለሉን ከውስጥ ይበላዋል፤ ስለዚህ ምንጣፉን አንስቶ ማድረቅና ከሥር መከላከያ ቀለም መቀባት ለመኪናው የዓመታት ዕድሜ ይጨምርለታል።

ከሰል ለብቻው ሊነሣ ይገባዋል። በአዊ፣ በተለይ በፋግታ ለኮማ፣ ዲከረንስ ከሚባለው ዛፍ የሚመረተው ከሰል የብዙ አርሶ አደሮች ገቢ ሆኗል፤ የሚያጓጉዙትም አብዛኞቹ ትንንሽ መኪኖች ናቸው። አዲስ የወጣ ከሰል ከአየር ጋር እየተዋሐደ ራሱን ሊያግል፣ ከውስጥ ያልጠፋ ፍም ካለበትም በመንገድ ላይ ሊቀጣጠል ይችላል፤ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ ሽታ ስለሌለው በዝግ መኪና ውስጥ ያለ ሰው ሳያውቀው ራሱን ይስታል። መስኮቱ በላሜራ የተደፈነ ቫን ከሰል የሚጭን ከሆነ ከላይና ከታች የአየር መውጫ ሊኖረው፣ ከሰሉም ከመጫኑ በፊት በቂ ጊዜ ወጥቶ ሊበርድ ይገባል። በከሰል መካከል ሰው ማስቀመጥ በምንም ምክንያት የሚፈቀድ አይደለም። ዶሮ የሚጭን መኪናም እንዲሁ የአየር መውጫ ያስፈልገዋል።

ፖርቶ ባጋሌ ግን ከሚሰጠው ጥቅም ይልቅ ጉዳቱ የሚበልጥ ይመስለኛል። ጠባብና ረጅም በሆነ መኪና ጣሪያ ላይ የሚወጣ ሁለት ኩንታል ክብደቱን ወደ ላይ ስለሚያነሣው መኪናው ጠመዝማዛ ላይ የመገልበጥ ዝንባሌው ያድጋል፤ ጣሪያውም በየብየዳው ጫፍ ይሰነጠቅና ክረምት ሲመጣ ውሃ ወደ እህሉ ያስገባል።

ሊብሬና መድን

ማሻሻያው የሕግ ገጽታም አለው። በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪ የሚመዘገበው ከነዓይነቱና ከነአገልግሎቱ ነው። ለሰው ማመላለሻ ተብሎ የተመዘገበ ሚኒባስ ወንበሩ ተነቅሎ ጭነት ሲሠራበት ሊብሬው ከመኪናው ጋር መጣጣሙን ያቆማል። ባለ መኪናው ይህን የሚረዳው ብዙውን ጊዜ አደጋ ሲደርስ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን የሚክሰው ሌላውን ተጎጂ እንጂ የራሱን መኪና አይደለም፤ ሙሉ መድን የገባም ቢሆን ጭነቱ ከልክ በላይ ከሆነ ወይም መኪናው ያልተመዘገበ ለውጥ ካለበት መድን ሰጪው የክርክር ምክንያት ያገኛል። ስለዚህ ለውጡ ብየዳ ቤት ከመግባቱ በፊት መንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ቢጠየቅ ይሻላል።

ዓመታዊው የቦሎ ምርመራ በዚህ ረገድ ሊሠራው የሚችለው ነገር ነበረ፤ ግን መኪናው ለምርመራ የሚቀርበው ባዶውን ነው። ባዶ መኪና ጥሩ ፍሬን አለው። የኋላውን የግፊት ቫልቭ ዘንግ ማየት፣ የባሌስትራውን ቅጠል ቆጥሮ ከመጀመሪያው ጋር ማነጻጸር፣ የጎማውን የጭነት ልክ ቁጥር ማንበብ በደቂቃዎች የሚያልቁ ሥራዎች ናቸው። እነዚህ በምርመራው ቢካተቱ በመንገድ ላይ ከሚደረግ ቅጣት ይልቅ ብዙ አደጋ ይቀንሳሉ ብዬ አምናለሁ።

ከሁሉም በስተጀርባ ያለው ግን የክፍያው ሥርዓት ነው። ጭነት በኩንታል ሲከፈል እያንዳንዱ ተጨማሪ ኩንታል ንጹህ ትርፍ ይመስላል፤ ለዚያ ኩንታል የሚከፈለው የጎማ፣ የሸራና የኩሽኔታ ዋጋ የሚመጣው ከወራት በኋላ ስለሆነ ከዚያ ቀን ጭነት ጋር የሚያያይዘው የለም። የመኪናው ባለቤትና ሾፌሩ የተለያዩ ሲሆኑ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ የተጨማሪው ኩንታል ጥቅም ለሾፌሩ ሲደርስ ጥገናው ለባለቤቱ ይተርፋል። ከእያንዳንዱ ጉዞ ገቢ በኪሎ ሜትር ልክ ለጎማ፣ ለዘይትና ለፍሬን የሚሆን ገንዘብ ለይቶ በሌላ የባንክ ሒሳብ የሚያስቀምጥ ባለቤት ከጥቂት ወራት በኋላ ከልክ በላይ የተጫኑት ጉዞዎች ያመጡትንና የወሰዱትን ጎን ለጎን ማየት ይችላል። ከሾፌሩም ጋር ውሉ በኩንታል መሆኑ ቀርቶ በጉዞ ቢሆን ለመጨመር የሚገፋው ምክንያት ይቀንሳል።

የኤሌክትሪክ ቫን መጪው ጊዜ ነው ተብሎ ሲነገር እሰማለሁ፤ ለዓባይ ቁልቁለትም የሚመች ጠባይ አለው፤ ሲወርድ ሞተሩ ራሱ ፍሬን ሆኖ ባትሪውን መልሶ ይሞላል፤ ከፍታም ጉልበቱን አይቀንስበትም። ይህን ለመግዛት የሚያስብ የጎጃም ነጋዴ ሁለት ነገር ቢያጣራ ይበጀዋል። ባትሪው ሙሉ በሙሉ ከተሞላ የሚመጣውን ኃይል የሚያስቀምጥበት ቦታ ስለማይኖረው የሞተር ፍሬኑ በእጅጉ ይደክማል፤ ደጀን ላይ መቶ በመቶ ሞልቶ ቁልቁለቱን የሚጀምር መኪና ከነዳጁ መኪና ባልተለየ ሁኔታ ሸራውን ያግላል፤ ስለዚህ ለመውረጃው ቦታ አስቀርቶ መሙላት ያስፈልጋል። ሁለተኛው፣ ባትሪው ራሱ ከባድ ስለሆነ ቁመቱና ስፋቱ ከሃይኤስ ጋር እኩል የሆነ የኤሌክትሪክ ቫን የተፈቀደለት ጭነት ከሃይኤስ ሊያንስ ይችላል፤ ሻጩ ስለ ኪሎ ሜትሩ ሲያወራ ገዢው የተፈቀደውን ኩንታል በጽሑፍ እንዲያሳየው ይጠይቅ።